ስለ ሁለት የማይለያዩ ሕሙማን ድመቶች

በአገራችን ልማድ ድመት በቤት የምትኖረው ለአይጥ ጠላትነቷ እንጂ ለሌላ ጉዳይ አይደለም። ጎተራ ያለው ሰው ድመት አያጣም፤ ድመቷም ከምድጃው አጠገብ ተኝታ፥ የተረፈውን እንጀራ በልታ፥ ወተት በተገኘ ጊዜ ጥቂት ቀምሳ ትኖራለች። ብትታመም ወይ በራሷ ጊዜ ትድናለች፥ ወይ ከአንድ ጥግ ገብታ ትሞታለች፤ ስለ እርሷ ሐኪም የሚጠራ፥ መድኃኒት የሚገዛ ሰው በልጅነቴ አላየሁም። እኔም በዚህ ልማድ ያደግሁ ሰው ስሆን፥ ዛሬ በአሜሪካ አገር በሜሪላንድ ግዛት በሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ከቤተ ሰቤ ጋራ እኖራለሁ፤ በቤቴም ሁለት በሽተኞች ድመቶች አሉ። ከእነርሱም አንዱ በየቀኑ ጧትና ማታ መርፌ የሚወጋ ነው። ይህን ነገር የሰማ የአገሬ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይሥቃል፤ ቀጥሎም እንደ ተግሣጽ ያለ ቃል ይናገረኛል። ስለዚህ ነገሩ እንዴት እንደ ጀመረ፥ ምን እንዳስተማረኝና በምን እንዳሳፈረኝ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ለመጻፍ አሰብሁ።

ድመት እናምጣ ብላ የለመነችን የ11 ዓመት ዕድሜ የነበራት ልጄ ናት። እኔ ከሱቅ አንድ ግልገል ገዝቼ ነገሩን በአንድ ቀን ለመጨረስ አስቤ ነበረ። ልጄ ግን በትምህርት ቤቷ የሰማችውን ይዛ፥ ‹‹አባዬ፥ የሚሸጠውን ሳይሆን ቤት ያጣውን እናምጣ›› አለችኝ። በዚህ አገር ባለቤት ያጡ እንስሳት የሚጠጉበት መጠለያ በብዙ ከተማ ይገኛል። ሐሳቡም የቈየ ነው፤ ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ብናገር፥ እንስሳትን ከጭካኔ ለመጠበቅ የቆመው የእንግሊዞች ማኅበር በሎንዶን የተመሠረተው በ1824 ሲሆን፥ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1840 የንጉሣዊነትን ማዕርግ ሰጥተውታል። በ1860 ሜሪ ቲልቢ የተባሉ እመቤት ለጠፉ ውሾች መጠለያ የሚሆን ቤት በዚያው በሎንዶን አቆሙ፤ ይህም ቤት በኋላ ባተርሲ ወደሚባለው ሰፈር ተዛውሮ፥ ከ1883 ጀምሮ ድመቶችንም መቀበል ጀመረ። በአሜሪካም ሄንሪ በርግ የተባሉ ሰው በ1866 በኒውዮርክ የእንስሳት ጥበቃ ማኅበር አቋቋሙ። እኛ የሄድንበት መጠለያም የዚህ ሐሳብ ፍሬ ነው።

በ2022 በአንድ ቅዳሜ ቀን ከባለቤቴና ከልጄ ጋራ ወደ መጠለያው ሄድን። ቤቱ ንጹሕ ነው፤ ድመቶቹ በየክፍላቸው ውኃና ምግብ ተሰናድቶላቸው ይኖራሉ፤ በየክፍሉም መስተዋት ላይ የእያንዳንዱ ዕድሜ፥ ጠባይና የጤና ሁኔታ ተጽፎአል። ግልገሎቹ ባሉበት ክፍል ፊት ብዙ ሰው ተሰብስቦ ነበረ፤ በመጨረሻው ክፍል ፊት ግን ማንም አልቆመም። በዚያ ውስጥ አንድ ግራጫና አንድ ጥቁር ድመት፥ ሁለቱም የ9 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ወንዶች፥ አንዱ ራሱን በሌላው አንገት ላይ አድርጎ ተኝተው አየን። በመስተዋቱ ላይ የተጻፈው ቃል ሦስት ነው፤ ግራጫው የስኳር በሽታ አለበት፤ ጥቁሩ የሰውነትን የመከላከል ኃይል የሚያደክም የድመት ቫይረስ በደሙ ተገኝቶበታል፤ ሁለቱ አይለያዩም።

የቤቱ ሠራተኛ የሆነች አንዲት ወይዘሮ ታሪካቸውን ነገረችን። ሁለቱ ከግልገልነታቸው ጀምሮ ብቻቸውን በሚኖሩ ባልቴት ቤት አብረው አደጉ። ባልቴቲቱ ታመው፥ እንስሳ ወደማይገባበት የአረጋውያን መጦሪያ በገቡ ጊዜ ድመቶቹን የሚረከብ ዘመድ ስላልተገኘ ወደ መጠለያው መጡ፤ ከመጡም 7 ወር ሆኖአቸው ነበረ። እኔ በሥራዬ የሒሳብ መርማሪ ነኝና ወዲያው አሰላሁ፤ ‹‹ጥቁሩ በየቀኑ መድኃኒት የማይፈልግ ከሆነ፥ እርሱን ብቻ ብንወስድስ?›› ብዬ ጠየቅሁ። ልጄ ፊቷን አዞረች። ወይዘሮዋ ግን ሳትቈጣ መለሰችልኝ።

‹‹ሁለት ድመቶች በአንድ ክፍል ስለ ተቀመጡ ብቻ የማይለያዩ ናቸው አንልም፤ አብረው ኖረው ቢለያዩ ግድ የሌላቸው ብዙ ናቸው። እኛ የምንመለከተው አብረው መተኛታቸውን፥ አንዱ የሌላውን ጠጕር መላሱን፥ እንግዳ ነገር ሲመጣ አንዱ ወደ ሌላው መሸሹን፥ ከሁሉም ይልቅ ሲለያዩ የሚሆኑትን ነው። ግራጫው ስኳሩ ከፍ ብሎ ለሦስት ቀን ወደ ሕክምና ክፍል በተወሰደ ጊዜ፥ ጥቁሩ ከበሩ ሥር ተቀምጦ ሲጮኽ ሰነበተ፤ ምግብም አልቀመሰም›› አለችኝ። ነገሩ የስሜት ጉዳይ ብቻ አለመሆኑንም አስረዳችን። ድመት፥ ይልቁንም የወፈረ ድመት፥ ለጥቂት ቀን ምግብ ቢተው፥ በሰውነቱ የተከማቸው ስብ ወደ ጉበቱ ይጐርፋል፤ ጉበቱም ይህን ሁሉ ስብ መቻል ተስኖት ይታመማል፤ በቶሎ ካልታከመም ይሞታል። እንግዲህ በድመት ላይ ኀዘን በጥቂት ቀን ውስጥ ለሕይወት የሚያሰጋ በሽታ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ስለ ጥቁሩ ድመት ቫይረስም ጠየቅናት፤ ልጆች ያሉበት ቤት ይህን ሳይጠይቅ ሊወስን አይገባምና። ቫይረሱ በ1986 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በዴቪስ ባሉ ሊቃውንት የተገኘ ነው። የኤድስ በሽታን ከሚያመጣው ቫይረስ ጋራ ወገናቸው አንድ ቢሆንም፥ ይኸኛው ወደ ሰው ፈጽሞ አይተላለፍም። ከድመት ወደ ድመት የሚተላለፈው ይልቁንም በጠብ ጊዜ ጥርስ ጠልቆ በሚገባበት ንክሻ ነው፤ በሰላም አብረው በሚኖሩ ድመቶች መካከል የሚጋባው እምብዛም ነው። ይህ ቫይረስ ያለበት ድመት ወደ ውጭ ሳይለቀቅ፥ ጥርሱና ቍስሉ በጊዜው እየታየለት፥ ብዙ ዓመት በደኅና ሊኖር ይችላል።

በመኪና ተቀምጠን ተመካከርን። ባለቤቴ፥ ‹‹መርፌውን የሚወጋ ሰው በየቀኑ በቤት መገኘት አለበት፤ ይህን ከቻልን እንውሰዳቸው፤ ካልቻልን ግን ለልጅቷ ስንል ብቻ ጀምረን አንተዋቸው›› አለች። ቃሏ ትክክል ነበረ። በሁለተኛው ሳምንት ተመልሰን የመጠየቂያውን ወረቀት ሞላን፤ የቤታችንን ሁኔታና የምናሳክምበትን የእንስሳት ሐኪም አስመዘገብን፤ ሁለቱንም በአንድ ፊርማ ተረከብን።

እናቴ በ2019 ከአዲስ አበባ መጥተው ከእኛ ጋራ የተቀመጡ እመቤት ናቸው፤ በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው 74 ነበረ። ድመቶቹን በሣጥን ይዘን በገባን ጊዜ ነጠላቸውን ሰብስበው ተመለከቱና፥ ‹‹ልጄ፥ አይጥ በሌለበት ቤት ሁለት ድመት፥ እነርሱም በሽተኞች! ሰው ደኅናውን ይመርጣል እንጂ እንዲህ ያለውን ሸክም በገዛ እጁ ያመጣል?›› አሉኝ። የመርፌውን ነገር በነገርኋቸው ጊዜ ግን ፊታቸው ተለውጦ ዝም አሉ።

ዝምታቸው ምክንያት ነበረው። እናቴ ራሳቸው የስኳር በሽታ አለባቸው። ሐኪም ኢንሱሊን ጧትና ማታ እንዲወጉ ያዘዘላቸው ቢሆንም፥ አንድ ቀን ይወጉ፥ አንድ ቀን ይተዉ ነበረ። እኛ ወደ ሥራና ወደ ትምህርት ስንሄድ ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን ይውላሉ፤ ማታ ስንጠይቃቸው ‹‹ወግቻለሁ›› ይሉናል፤ እኛም አምነን እናልፋለን። ታናሽ እኅታቸው አክስቴ ደግሞ በአዲስ አበባ በጉለሌ ይኖራሉ። ሁለቱ እኅትማማቾች ባሎቻቸው ከሞቱ ጀምሮ በአንድ ግቢ፥ በአንድ ማዕድ የኖሩ ናቸው፤ አክስቴም ያው በሽታ አለባቸው። መድኃኒቱ አንዳንድ ጊዜ ከገበያ ይጠፋል፤ አንዳንድ ጊዜም እርሱ ሲገኝ ገንዘቡ ይጐድላል። እናቴ ስለ ድመቱ መርፌ ሲሰሙ ያሰቡት እኅታቸውን መሆኑን የተረዳሁት ቈይቼ ነው።

ያም ሆኖ ስም ያወጡላቸው እናቴ ናቸው። ፈረንጆች ያወጡላቸው ስም ለአፋቸው አልተመቸምና ግራጫውን ‹‹ውሮ›› አሉት፤ በጉለሌው ቤታችን ከኖሩት ድመቶች ውሮ ያልተባለ አልነበረም። ጥቁሩን ከውሮ ጐን የማይጠፋ መሆኑን አይተው ‹‹ጓዴ›› አሉት።

እንዲህ ያሉትን ድመቶች ለመቀበል የሚያስብ ሰው ቢኖር፥ መጀመሪያ ያደረግነውን ልንገረው። ቤቱን ሁሉ በአንድ ቀን አልለቀቅንላቸውም፤ አንዲት ጸጥ ያለች ክፍል ሰጥተናቸው በዚያ ሰነበቱ። ለሦስት ቀን ከአልጋ ሥር አልወጡም፤ እኛም ጐትተን አላወጣናቸውም፤ ልጄ ግን ወለሉ ላይ ተቀምጣ መጽሐፏን ድምፅ አሰምታ ታነብላቸው ነበረ። ለሁለት ድመቶች ሦስት የአሸዋ ሣጥን አኖርን፤ ቍጥሩ ከድመቶቹ በአንድ እንዲበልጥ ይመከራልና። ውሮ ሥጋ የበዛበት፥ ዱቄትና ስኳር ያነሰበት ምግብ በተወሰነ ሰዓት ይበላል። ጓዴም ያንኑ እንዲበላ አደረግን፤ ሳህናቸው ግን ለየብቻ ነው፤ ማን እንደ በላና ማን እንደ ተወ የሚታወቀው በዚህ ነውና።

መርፌውን ሐኪሙ በአንድ ቀን አስተማረን። በጀርባው ላይ ያለውን ልል ቆዳ ከፍ አድርጎ፥ ቀጭኗን መርፌ ከቆዳው በታች ማስገባት ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ድመቱ መብላቱን ማየት ይገባል፤ ካልበላ ሐኪሙን ሳይጠይቁ አይወጉትም። በየ12 ሰዓቱ ስለሆነ ጧት በ1 ሰዓትና ማታ በ1 ሰዓት አደረግነው። እጄ በመጀመሪያው ቀን ተንቀጠቀጠ፤ ውሮ ግን ከሳህኑ ቀና አላለም። ጓዴ መርፌው እስኪያልቅ ድረስ ከአጠገቡ ቆሞ ይጠብቅና፥ በኋላ የተወጋበትን ስፍራ ይልስለታል።

በቤቱ ስኳር ያለበት ሰው ካለ አንድ ትልቅ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የእናቴ ኢንሱሊን በአንድ ሚሊ ሊትር 100 መለኪያ ያለበት ሲሆን፥ የውሮ ግን 40 ነው፤ መርፌዎቹም በዚሁ ልክ የተለያዩ ናቸው። የ40ው መርፌ ክዳን ዘወትር ቀይ፥ የ100ው ብርቱካናማ ነው። የእናቴን መድኃኒት በውሮ መርፌ የቀዳ ሰው፥ ሳያውቅ ከታዘዘው ሁለት እጥፍ ተኩል ይሰጣል። ስለዚህ ባለቤቴ በማቀዝቀዣው ውስጥ ሁለቱን በተለያየ መደርደሪያ አኑራ በላያቸው ስም ጻፈችባቸው። እኛ ግን በዚህ በኩል ተጠንቅቀን በሌላ በኩል ሳትነው።

በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በአንድ ሐሙስ ማታ፥ ውሮን በ1 ሰዓት ወግቼ ወደ እድር ስብሰባ ሄድሁ። ባለቤቴ ከሥራ ዘግይታ ገብታ፥ እኔ ቸኵዬ ሳልወጋው የሄድሁ መስሏት ደግማ ወጋችው። ማንም ምንም አላወቀም፤ ሁላችንም ተኛን።

እናቴ የሚተኙት በምድር ቤቱ ክፍል ነው። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ሲሆን፥ እስከዚያን ቀን ወደ ክፍላቸው ደርሶ የማያውቅ ጓዴ በራቸውን እየቧጠጠ ይጮኽ ጀመር። ‹‹ሂድ!›› ቢሉት አልሄደም። ተነሥተው ቢከፍቱለት ፊት ፊታቸው እየሄደ፥ ዞር እያለም እያየ፥ ወደ ማዕድ ቤት መራቸው። ውሮ ከጠረጴዛው ሥር ወድቆ፥ እግሮቹ አልታዘዙለት ብለው፥ ሰውነቱ ይንቀጠቀጥ ነበረ። እናቴ እኛን ከመጥራታቸው በፊት ማር አወረዱና በጣታቸው ድዱን ቀቡት። ጩኸታቸውን ሰምተን በወረድን ጊዜ ወለሉ ላይ ተቀምጠው፥ ድመቱን በነጠላቸው ጠቅልለው፥ ‹‹ስኳሩ ወርዶ ነው፤ ፍጠኑ!›› አሉን።

ሌሊት ወደሚሠራው የእንስሳት ሆስፒታል ሁለቱንም ድመቶች በአንድ ሣጥን ይዘን ገሠገሥን። ሐኪሟ ግሉኮስ በደም ሥሩ ሰጠችው፤ ማሩ በጊዜ ባይደርስለት ኖሮ ወደ መንዘፍዘፍና ወደ ሞት ይደርስ እንደ ነበረም ነገረችን። ባለቤቴ ይህን ሰምታ አለቀሰች። እኔም ጥፋቱ የእርሷ ብቻ አለመሆኑን፥ ወግቻለሁ ብዬ አንዲት ቃል ሳልጽፍ የሄድሁት እኔ መሆኔን ነገርኋት። ውሮ እስከ ማግስቱ ማታ በዚያ ቈየ፤ ጓዴም ከአጠገቡ እንዲሆን ፈቀዱለት።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴን፥ ‹‹እማዬ፥ የስኳር መውረድ መሆኑን እንዴት አወቁ?›› ብዬ ጠየቅኋቸው። በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ፥ ‹‹እኔን ሲይዘኝ እንዲህ ስለሚያደርገኝ ነዋ›› አሉ። ብቻቸውን በዋሉበት ቀን ሁለት ጊዜ ይዞአቸው ነበረ። አንድ ቀን የተዉትን በማግስቱ ለማካካስ አብዝተው ይወጉ ኖሮአል። ሁለቱንም ጊዜ ወለሉ ላይ እየዳኹ ማሩን ይዘው፥ ልሰው ተነሥተዋል። ‹‹እንዳትጨነቁ ብዬ አልነገርኋችሁም›› አሉኝ።

ክቡራን አንባብያን፥ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ድመቱ በወደቀ ጊዜ የሚጮኽለት ጓድ ነበረው፤ እናቴ በወደቁ ጊዜ ግን የሚጮኽላቸው አልነበረም። በጉለሌ ቢሆኑ ኖሮ እኅታቸው ከአጠገባቸው ነበሩ። እኔ ‹‹እናቴን ወደ ተሻለ ኑሮ አመጣኋቸው›› ብዬ በሰው ፊት የምመካ ሰው፥ የመጠለያው ወይዘሮ በሁለት ድመቶች ላይ ልታደርገው ያልፈቀደችውን በእናቴና በእኅታቸው ላይ አድርጌው ነበረ። ደኅናውን ድመት ብቻ ልውሰድ ያለው አንደበቴ ቀድሞም ያንኑ ተናግሮአል፤ እናቴን ባመጣሁበት ጊዜ አክስቴ የሚቀሩ ሰው መሆናቸውን እንደ ሒሳብ ትርፍ ቈጥሬ አልፌው ነበረና።

በማግስቱ ልጄ ከደብተሮቿ አንዱን አምጥታ መሥመር አሰመረችበት፤ በአንዱ ዓምድ ቀን፥ በአንዱ የውሮ ምግብ፥ በአንዱ የውሮ መርፌ፥ በአንዱ የወጋው ሰው ፊርማ። እናቴ ደብተሩን ተረከቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመዝገቡ ላይ ሳይፈርም መርፌውን የሚነካ ሰው በቤታችን የለም፤ ሚኒስቴር ውስጥ ያለ መዝገብ ያዥ እንኳ እንዲህ ጥብቅ አይመስለኝም። በሦስተኛው ቀን ልጄ፥ ‹‹እማማ፥ የእርስዎ ዓምድስ የታል?›› አለቻቸው። እናቴ ሣቁ፤ ግን አልመለሱላትም። ልጅቷ አንድ መሥመር ጨምራ ‹‹እማማ›› ብላ ጻፈችበት። መጀመሪያ ባዶ ሆኖ ሰነበተ። ሰባተኛው ቀን ላይ አንዲት የመስቀል ምልክት አየሁበት፤ ማንም ስለ እርሷ ምንም አልተናገረም።

በወሩ መጨረሻ ግን እናቴ በማዕድ ላይ፥ የውሮ መድኃኒትና የሆስፒታሉ ሒሳብ ስንት እንደሆነ ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። ‹‹በዚህ ገንዘብ እኅቴ ስንት ወር ትኖርበታለች?›› አሉ። ይህ የአገሬ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ጥያቄ ነው፤ ሌሎች ሲጠይቁኝ እቈጣ ነበረ፥ እርሳቸውን ግን ልቈጣ አልቻልሁም። ያነበብሁትን ልነግራቸው ሞከርሁ። ኢንሱሊንን በ1921 በካናዳ በቶሮንቶ ባንቲንግና ቤስት የተባሉ ሰዎች ያገኙት በውሾች ላይ ፈትነው መሆኑን፤ በጥር ወር 1922 ሊሞት የደረሰ የ14 ዓመት ልጅ መድኃኒቱን እንደ ተወጋ፤ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት የዓለም ስኳር በሽተኛ ሁሉ ከላምና ከዐሣማ ቆሽት በተጨመቀ ኢንሱሊን መኖሩን ነገርኋቸው። የላም ኢንሱሊን ከድመት ኢንሱሊን የሚለየው ከተሠራባቸው ቅንጣቶች በአንዲቱ ብቻ ነው። ‹‹ስለዚህ እማዬ፥ መድኃኒቱን ከእንስሳት ወስደን ኖረናል፤ ለአንድ ድመት ብንሰጠው ዕዳ መክፈል ነው እንጂ ብክነት አይደለም›› አልኋቸው።

እናቴ ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና፥ ‹‹መልካም፤ ዕዳ ከሆነ ግን ለአንዱ ተከፍሎ ለሌላው አይቀርም›› አሉ።

ለዚህ ቃል መልስ አላገኘሁለትም፤ ዛሬም የለኝም። ያደረግነው ይህ ነው፤ ለውሮ በየወሩ የሚወጣው ገንዘብ በመዝገቡ ግርጌ ይጻፋል፤ ያንኑ ያህል በዚያው ሳምንት ወደ ጉለሌ ይላካል። ለዚህም እኔ ትንባሆዬን ተውሁ፤ ልጆቼም የእሑድን የውጭ ምሳ በፈቃዳቸው ተዉ። ነገሩ የዓለምን ችግር እንደማያቃልል ዐውቃለሁ። ለድመት የሚያወጣ ሰው ለሰው ማውጣት እንዳይረሳ የሚያደርግ ሥርዓት ግን ሆኖልናል።

ገንዘቡ ግን መለየታቸውን አላስቀረውም። በሚቀጥለው ዓመት እናቴ ወደ አገር ቤት ልመለስ ቢሉኝ፥ ሐኪሙ፥ መድኃኒቱ፥ ዕድሜያቸው እያልሁ ምክንያት እደረድር ነበረ። አንድ ቀን ማታ ውሮና ጓዴ በእግራቸው ሥር እንደ ልማዳቸው ተደጋግፈው ተኝተው ሳለ፥ እናቴ በጣታቸው አሳዩኝ። ሌላ ነገር አልተናገሩም። እኔም በማግስቱ የአውሮፕላን ቲኬት ቈረጥሁ። ለጥምቀት አዲስ አበባ ገቡ፤ ከዚያ ወዲህ ከዓመቱ እኩሌታውን ከእኅታቸው ጋራ፥ እኩሌታውን ከእኛ ጋራ ያደርጋሉ። በሄዱ ጊዜ ቤቱ ባዶ ይሆናል፤ ልጄም ለብዙ ቀን ታኰርፋለች። ቢሆንም መለየት ካልቀረ፥ የሚለየውን ሰው የሚጠብቀው ሌላ ሰው መኖሩን ማየት ይገባል፤ እኛ እዚህ አራት ነን፥ አክስቴ ግን በዚያ ብቻቸውን ነበሩ።

ውሮ ዛሬም በሕይወት አለ። አንዳንድ ድመቶች በምግብና በመድኃኒት በጊዜ ከተረዱ መርፌውን እስከ መተው ይደርሳሉ፤ የእኛ ውሮ ከእነዚያ ወገን አልሆነም፤ ሲሮጥ ግን የታመመ አይመስልም። ጓዴ ሁለት ጥርስ ተነቅሎለታል፤ ከዚያ በቀር ደኅና ነው። ሁለቱም ሸምግለዋል፤ አንዱ ቀድሞ የሚሞትበት ቀን እንደሚመጣ እናውቃለን፤ የቀረው እንዳይራብ በዚያን ቀን በየሰዓቱ የሚጠብቀው ማን እንደሚሆን ከአሁኑ ተነጋግረናል።

እንግዲህ ከአንባብያን መካከል በውጭ አገር የሚኖር፥ ወይም ወደዚያ ለሥራ የሚላክ ሰው ልጆቹ ድመት ቢለምኑት፥ በመጨረሻው ክፍል ያሉትን ሁለቱን ደግሞ ሳያይ አይመለስ እላለሁ። ነገር ግን ከቤቱ የሚበዛ ጊዜ የሚጓዝ፥ ሰዓት ለመጠበቅ የማይችል፥ ወይም አዝኖ ብቻ የሚወስድ ሰው አይውሰዳቸው፤ ርኅራኄ በመጀመሪያው ቀን ቀላል ነው፥ ሥራው ያለው በሁለት መቶኛው ቀን ጧት በ1 ሰዓት ነውና። ሁለት ሆነው የመጡትን ደግሞ አንዱን ለመምረጥ አያስላ፤ እኔ አስልቼ አፍሬአለሁ።

መዝገቡ አሁን አራተኛ ደብተር ላይ ደርሶአል። እናቴ አዲስ አበባ ባሉበት ወራት የሚይዘው ልጄ ናት። በእኛ ዘንድ ጧት 1 ሰዓት ሲሆን በጉለሌ ቀኑ ተጋምሶአል፤ ልጄ ውሮን ከወጋች በኋላ ስልክ ትደውልና፥ ‹‹እማማ፥ ወጉ? እትዬስ ወጉ?›› ብላ ትጠይቃለች። መልሱን ሰምታ በሦስት ዓምድ ሦስት ምልክት ታደርጋለች። ሦስቱ ሳይሞሉ ቍርሷን አትጀምርም።